በዓይን ውስጥ የሚንሳፈፉ ነጥቦች፦ የትኛው ይጠበቃል? የትኛው ዛሬውኑ ይታያል?

ጥርት ያለ ሰማይ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሲያተኩሩ ነጥብ፣ ክር፣ ትንኝ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ዓይንዎ ፊት ሲዋልል አይተው ያውቁ ይሆናል። ይዘው ሊያዩት ሲሞክሩ ይሸሻል፤ ዓይንዎን ሲያቆሙ እሱ ጥቂት ዘግይቶ ይቆማል። ብዙ ሰው ይህን ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ይኖራል፣ ምንም አይሆንም። ጥቂቶች ላይ ግን ያው ነጥብ የሬቲና (ዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) መቀደድ የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ በጊዜ ካልተደረሰበትም ዓይን ያሳጣል።

ከሁሉ አስቀድሜ ልናገረው የምፈልገው፣ ሰው በአብዛኛው የሚጨነቀው በነጥቡ ብዛትና ጥቁረት ነው፤ ሐኪም የሚጨነቀው ግን በለውጡ ነው። ለዓመታት ሃያ ክር ሲያይ የኖረ ሰው፣ ትናንት ማታ አንድ አዲስ ነጥብ ድንገት ከታየው ሰው ይልቅ ተረጋግቶ መቀመጥ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ፣ መቼ መሄድ፣ ወደ ማን መሄድ፣ የትኛውን ምርመራ መጠየቅ፣ የትኛውን ሕክምና መምረጥ የሚለው፣ የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ነገሩ ከምን ይመጣል?

ከዓይን ሌንስ ኋላ ያለው ሰፊ ክፍል ቪትረስ በሚባል ዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው። እንቁላል ሲሰበር እንደሚፈሰው ነጩ ክፍል ያለ ነው። መጠኑ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን 98 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባሉ እጅግ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮችና ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። በወጣትነት ክሮቹ ተራርቀውና ተስተካክለው ስለሚቀመጡ ብርሃን ያለ እንቅፋት ያልፋቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ዝልግልጉ በየቦታው እየቀለጠ ውሃ ይሆናል፣ ክሮቹም ተጠጋግተው ይቋጠራሉ። የሚታየን ነገር ቋጠሮው ሬቲና ላይ የሚያጠላው ጥላ ነው። ለሬቲና የቀረበ ቋጠሮ ጥላው ጥርት ያለ ነው፤ የራቀው ደብዘዝ ይላል። በደማቅ ብርሃን የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ጥላው ይጎላል፤ ሰማይና ስክሪን ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው። ስክሪን ማየት ነጥቦቹን ያጋልጣል እንጂ አያመጣቸውም።

ከ50 ዓመት በኋላ፣ በአብዛኛው ከ50 እስከ 75 ባለው ዕድሜ፣ አንድ ተጨማሪ ነገር ይከሰታል። ቪትረሱ ይሸበሸብና ከኋላው ከተለጠፈበት ሬቲና ይላቀቃል። ይህ የቪትረስ መላቀቅ ይባላል፤ ከሬቲና መላቀቅ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው። በራሱ በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ የሰጠው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያልፍበታል። ርቀት ማየት የሚቸግራቸው (ማዮፒያ ያለባቸው)፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና ዓይናቸው ላይ ምት ያረፈባቸው ሰዎች ቀደም ብሎ ያጋጥማቸዋል። ከእይታ ነርቭ ጫፍ ዙሪያ ሲላቀቅ ቀለበት ወይም ግማሽ ቀለበት የመሰለ ትልቅ ነጥብ ይዞ ይመጣል፤ ብዙዎች «ትልቅ ዝንብ ዓይኔ ውስጥ ገባ» ብለው የሚያማርሩት ይህን ነው።

አደጋው ያለው መላቀቁ ላይ ነው። ቪትረሱ አንዳንድ ቦታ ሬቲናው ላይ ጠበቅ ብሎ ተጣብቋል። እዚያ ሲጎትት ሬቲናው ብርሃን ያየ ይመስለዋል፤ ጨለማ ውስጥ ወይም ዓይን ሲዞር ዳር ላይ የሚታየው የቅስት ብልጭታ ከዚህ ይመጣል። ጠንክሮ ከጎተተ ሬቲናው ይቀደዳል። በቀዳዳው ውሃ የሆነው ቪትረስ ሾልኮ ይገባና ሬቲናውን ከጀርባው ካለው ግድግዳ ይልጠዋል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ዡል ጎናን የመላቀቁ ምክንያት ቀዳዳው መሆኑንና ቀዳዳውን መዝጋት ዓይንን እንደሚያድን ከማሳየቱ በፊት፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ድረስ፣ የተላቀቀ ሬቲና ያለው ሰው በአብዛኛው ተስፋ የተቆረጠበት ነበር። ዛሬ ያው ሰው ቀዳዳው ብቻ እያለ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች የሌዘር ሥራ ይድናል። በቀዳዳና በመላቀቅ መካከል ያለው ጊዜ ግን አንዳንዴ ሰዓታት፣ አንዳንዴ ቀናት ነው።

መጠበቅ፣ ቀጠሮ መያዝ ወይስ አሁኑኑ መሄድ?

ብዙ ጽሑፍ አንባቢውን «ጉዳት የሌለውና አደገኛው» ብሎ በሁለት ዓምድ ካስቀመጠ በኋላ ራስህን መርምር ይለዋል። በዚህ አልስማማም። ጉዳት የሌለው የቪትረስ መላቀቅና ሬቲና የቀደደ የቪትረስ መላቀቅ ለባለቤቱ አንድ ዓይነት ሆነው ሊታዩት ይችላሉ፤ ሁለቱም ነጥብ አላቸው፣ ሁለቱም ብልጭታ አላቸው። ድንገት በጀመረ ነጥብ ወይም ብልጭታ ከሚመጡና ቪትረሳቸው ከተላቀቀ ሰዎች መካከል ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ሬቲናቸው ተቀድዶ ይገኛል። አብዛኞቹ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ነገር ግን ከሰባት አንድ ያህሉ ደህና አይደለም፣ ማን እንደሆነ ደግሞ በስሜት አይለይም። ስለዚህ እርስዎ የሚወስኑት በሽታውን ሳይሆን ጊዜውን ነው።

መጠበቅ የሚቻለው፦ ነጥቡ ወራት ወይም ዓመታት ያስቆጠረ ሲሆን፣ ያው መልክና ያው ብዛት ሲኖረው፣ ብልጭታም ሆነ ጥላ ሳይኖር ነው። በሚቀጥለው መደበኛ የዓይን ምርመራ ላይ ይንገሩ፤ በዚያ ይበቃል። በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ሰማይ ላይ አንድ ሁለት ግልጽ ክር ቀስ በቀስ ማየት ከጀመረም፣ ሌላ ምልክት እስከሌለ ድረስ መደበኛ ቀጠሮ ይበቃዋል።

ሳያድር፣ ቢዘገይ በማግስቱ መታየት ያለበት፦ ድንገት የመጣ አዲስ ነጥብ፣ ድንገት የበዙ ነጥቦች፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ብልጭታ፣ እይታው ደህና ቢሆንም። «ትንሽ ልየውና» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በተለይ ደግሞ ጥቀርሻ የተበተነ፣ ትንኝ የነጎደ ወይም ጥቁር ጭስ የፈሰሰ የመሰለ ብዙ ጥቃቅን ነጥብ በአንድ ጊዜ ከታየዎት፣ ያ ቪትረስ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። በቪትረስ መላቀቅ ጊዜ ደም ከፈሰሰባቸው ሰዎች ውስጥ ግማሽ ከሚያህሉት በላይ ላይ የሬቲና መቀደድ ስለሚገኝ፣ ይህን ማግስትም አይጠብቁበት።

አሁኑኑ፣ ቀኑም ሰዓቱም ምንም ቢሆን፦ ከጎን፣ ከላይ ወይም ከታች እንደ መጋረጃ የሚመጣና የማይንቀሳቀስ ጥላ፤ የአንድ ዓይን እይታ ድንገት መቀነስ፤ ቀጥ ያለ መስመር ድንገት መጣመም፤ ዓይን ላይ ምት ካረፈ በኋላ የመጣ ነጥብ ወይም ብልጭታ።

ስለ ጥላው ትንሽ ልጨምር። ምስል ሬቲና ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ነው። ጥላው ከታች ከተነሳ የተላቀቀው የላይኛው ሬቲና ነው ማለት ነው። የላይኛው ደግሞ ፈሳሹ ወደ ታች ስለሚወርድ ወደ ማኩላው፣ ማለትም ፊደል ወደምናነብበትና ፊት ወደምንለይበት የሬቲና መሃል፣ ቶሎ ይደርሳል። ማኩላው ሳይላቀቅ የተደረሰበት ዓይንና ከተላቀቀ በኋላ የተደረሰበት ዓይን ውጤታቸው አይገናኝም። «ከታች ነው፣ መንገድ ለመሄድ አይከለክለኝም» ብሎ የሚያድር ሰው የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ሌላው የሚያዘናጋው ሕመም አለመኖሩ ነው። ሬቲና የሕመም ነርቭ የለውም፤ ሲቀደድም ሲላጥም አያምም፣ ዓይንም አይቀላም። «አላመመኝም» የሚለው ምክንያት እዚህ ምንም አይመዝንም።

በቤት ሊደረግ የሚችል አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍነው በሌላው አንድ ቦታ ላይ ትክ ብለው ይዩ፤ አራቱም ማዕዘን ይታያል? አንድ ጎን ጨለማ ወይም ግራጫ ሆኗል? ከዚያ ዓይኑን ቀይረው ያነጻጽሩ። ሁለቱን ዓይን ከፍቶ መሞከር አይረባም፣ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል። ፍተሻው ጥላ ካሳየ ይሮጣሉ፤ ምንም ካላሳየ ግን ቀጠሮዎን አይሰርዙም፣ ትንሽ ቀዳዳ በዚህ አይታይምና።

ነጥብ መስለው ነጥብ ያልሆኑ

የማይግሬን ብልጭታ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ይህኛው የዚግዛግ ቅርጽ አለው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ከ5 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል፤ አንዱን ዓይን ቢሸፍኑም በሌላው ይታያል፣ ምክንያቱም የሚነሳው አንጎል ውስጥ ነው። ራስ ምታት ሊከተለው ይችላል፣ ላይከተለውም ይችላል። ከሬቲና ጉተታ የሚመጣው ብልጭታ ግን የአንድ ዓይን ነው፣ ቅጽበታዊ ነው፣ ከዓይን እንቅስቃሴ ጋር ይመጣል፣ ጨለማ ላይ ይጎላል። የዚግዛጉ ብርሃን በሕይወትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነ፣ ወይም ከንግግር መያዝና ከእጅ እግር መድከም ጋር ከመጣ፣ ያ የዓይን ጉዳይ ሳይሆን የአንጎል ድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው።

ሰማያዊ ሰማይ ላይ ብቻ የሚታዩ፣ እየተጠማዘዙ የሚሮጡና ወዲያው የሚጠፉ ደማቅ ነጥቦች ደግሞ ነጭ የደም ሴሎች በሬቲና ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፉ የምናያቸው ናቸው። ሁሉም ሰው ቢያስተውል ያያቸዋል። የገዛ ደሙን ሲዘዋወር ያለ መሣሪያ ማየት ለሚፈልግ ጥሩ ትርኢት ነው፣ ሕክምናም አያስፈልገውም።

ዓይን ሲርገበገብ ቦታ የሚቀይር ወይም የሚጠረግ ጭጋግ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ላይ ያለ ንፍጥ ወይም የእንባ ድርቀት ነው። ከዓይን ጋር አብሮ የሚዞር፣ ሁልጊዜ የእይታው መሃል ላይ የሚቀመጥ፣ የማይንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ግን የማኩላ ችግር ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ይታይ። ነጥቡ ከዓይን መቅላት፣ ከሕመምና ብርሃን ካለመቻል ጋር ከመጣም ዓይን ውስጥ ብግነት ሊኖር ይችላል፤ ይህም ቀን የሚሰጠው አይደለም።

ወደ ማን?

መነጽር ብቻ የሚሸጥ ቤት ወይም ፋርማሲ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። የዓይን መቅላት ማስታገሻ ጠብታ ይዞ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው። ጠቅላላ ሐኪም የእይታዎን መጠን ሊለካ፣ ስትሮክና ማይግሬንን ሊለይ ይችላል፤ የሬቲናን ዳር የሚያይበት መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ወደ እሱ ከሄዱ የሚጠብቁት ፈጣን ሪፈራል ነው።

ኦፕቶሜትሪስት (የእይታ ምርመራ ባለሙያ) በብዙ ቦታ ብሌን ከፍቶ ሬቲና የማየት ሥልጠና አለው፤ ቅርብ ከሆነ ጥሩ መነሻ ነው። የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪም ይመረምራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀዳዳ ካገኘ በሌዘር ይዘጋል። የሬቲና ሰብ ስፔሻሊስት ደግሞ ለመላቀቅና ለቀዶ ሕክምና ነው። ጥላ ወይም የእይታ መቀነስ ካለ ደረጃዎቹን መውጣት አያስፈልግም፤ ሬቲና የሚታከምበት ሆስፒታል በቀጥታ ይሂዱ። ሌላ ምልክት የሌለው አዲስ ነጥብ ከሆነ ቀድሞ የሚያገኝዎት ይሻላል፤ ለታዋቂ ስፔሻሊስት ሁለት ሳምንት ከመጠበቅ ነገ ጠዋት የሚያይዎት ኦፕቶሜትሪስት ይበልጥ ይጠቅማል።

ስልክ ሲደውሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ዛሬ ወይም ነገ ብሌኔን በጠብታ ከፍታችሁ የሬቲናውን ዳር ድረስ ታያላችሁ?» መልሱ አይደለም ከሆነ ሌላ ቦታ ይደውሉ። ሲናገሩም «ዓይኔን ያመኛል» አይበሉ። «ከትናንት ጀምሮ በቀኝ ዓይኔ አዲስ ነጥብና ብልጭታ አለ» ማለት ተራዎን ይቀይራል።

የትኛው ምርመራ?

በጠብታ የሚደረገውን የሚተካ የለም። ጠብታው ብሌኑን ለመክፈት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ጥቁር ዓይን ላይ አንዳንዴ ይበልጣል። ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ባሰረው መብራትና በእጁ በያዘው ሌንስ የሬቲናውን ዙሪያ ያያል፤ የዓይኑን ውጭ በትንሽ መሣሪያ ጫን ብሎ ዳሩን ወደ እይታው ሊያመጣ ይችላል። ደስ አይልም፣ ግን ቀዳዳ በአብዛኛው የሚደበቀው እዚያው ዳር ላይ ነው። ቪትረሱ ውስጥ ቡናማ ብናኝ ከታየ ቀዳዳ የመኖሩ ጠንካራ ምልክት ነው። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ቅርብ ነገር ይደበዝዛል፣ ብርሃን ይከብዳል፤ ስለዚህ መኪና አይንዱ፣ ሰው ይዘው ይሂዱ።

የሬቲና ፎቶ ፈጣንና ምቹ ነው፤ ተራ ካሜራ የሚያነሳው ግን መሃሉን ነው፣ ሰፊ የሚያነሳውም ቢሆን የዳሩን ዳር ሊያመልጠው ይችላል። ኦሲቲ የሚባለው ምርመራ ማኩላን በንብርብር ያሳያል፤ ለቀዳዳ ፍለጋ አይደለም። ፎቶ ወይም ኦሲቲ ተነስቶ «ደህና ነህ» የተባለ፣ ብሌኑ ግን ያልተከፈተ ሰው፣ ገና አልተመረመረም ብዬ ነው የምቆጥረው። አልትራሳውንድ ቦታ የሚኖረው ደም ፈሶ ውስጡ ሳይታይ ሲቀር ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ቢሆንም ጉዳዩ አያልቅም። ቪትረሱ መላቀቁን ለመጨረስ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ቀዳዳው በኋላ ይመጣል። ብዙ ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ዳግመኛ ማየት ይፈልጋሉ፤ ደም ወይም ብዙ ብልጭታ ካለ ደግሞ ቀደም ብለው። በዚህ መሃል ነጥቡ ከጨመረ ወይም ጥላ ከመጣ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠበቅም።

ቀዳዳ ከተገኘ

እዚህ ላይ የሚመረጥ ብዙ ነገር የለም፣ ፍጥነት እንጂ። በሌዘር ወይም በቅዝቃዜ በቀዳዳው ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ሬቲናውን ከጀርባው ጋር ያጣብቀዋል፣ ለመጥናትም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ሌዘሩ ነጥቦቹን እንደማያጠፋ አስቀድመው ይወቁ፤ ብዙ ሰው ከሕክምናው በኋላም ነጥቡ መኖሩን አይቶ አልሠራም ብሎ ያዝናል። ሥራው መላቀቅን መከላከል ነው።

ሬቲናው ከተላቀቀ ሦስት መንገድ አለ፦ ዓይን ውስጥ የጋዝ አረፋ ከትቶ ቀዳዳውን መዝጋት፣ ከዓይኑ ውጭ የሲሊኮን ቀበቶ መስፋት፣ ወይም ቪትረሱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት (ቪትሬክቶሚ)። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የቀዳዳው ቦታና ብዛት፣ የሰውየው ዕድሜ፣ ሌንሱ የተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ መሆኑ ነው። ጋዝ ከገባ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ፣ እንደ ጋዙ ዓይነት ከ2 እስከ 8 ሳምንት ገደማ፣ አውሮፕላን ላይ መውጣት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ጋዙ ከፍታ ላይ ሰፍቶ የዓይን ግፊትን በመጨመር እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል።

ቀዳዳ የለም፣ ነጥቡ ግን አስመረረኝ

እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ነው፤ ጤነኛ ዓይን ላይ ስለሚደረግ ነገር ነውና ረጋ ብሎ ማሰብም የሚገባው እዚህ ነው።

መልመድ። ይህ ሰነፍ መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሠራው ይህ ነው። አንጎል የማይጠቅመውን ጥላ ችላ ማለት ይማራል፣ ቋጠሮውም ቀስ በቀስ ወደ ታች ሰምጦ ከእይታ መስመር ይወጣል። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ እፎይ ይላል። እስከዚያው የፀሐይ መነጽር፣ የስክሪንን የጀርባ ቀለም ማጥቆር፣ ክሩ መሃል ላይ ሲቆም ዓይንን ላይና ታች አንቀሳቅሶ ፈሳሹን መግፋት ይረዳል። ጉዳቱ ጊዜ መፈለጉ ብቻ ነው። ማንም ሰው ሌላውን መንገድ ከማሰቡ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ለዚህ ቢሰጥ እመክራለሁ።

ያግ ሌዘር። ሌዘሩ ቋጠሮውን መትቶ ይበትነዋል ወይም ያተንነዋል። ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠው ይጨርሳሉ፣ ቀዶ የለውም፤ ለዚህም ነው ማስታወቂያው የሚስበው። ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ፣ 52 ሰዎች ብቻ በተሳተፉበት ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ እውነተኛውን ሌዘር ካገኙት 53 በመቶው በጉልህ ወይም ሙሉ በሙሉ እንደተሻላቸው ተናግረዋል፤ የማስመሰያ ሌዘር ከተደረገላቸው ግን እንዲህ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ግማሽ ያህሉ ገንዘባቸውን ከፍለው ብዙም አልተለወጡም ማለትም ነው። የሚስማማው ለትልቅና ነጠላ የቀለበት ነጥብ፣ ከሌንስም ከሬቲናም ለራቀ ነው። ለተበታተነ ጭጋግና ለወጣቶች ሬቲና ላይ ለተጠጋ ቀጭን ክር አይሆንም። ሌንስ ከተመታ ሞራ ግርዶሽ ያመጣል፣ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሬቲናም ሊጎዳ ይችላል። ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ የደበዘዘውን የሌንስ ከረጢት ለመክፈት ከሚደረገው የያግ ሌዘር ጋር መሣሪያው አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ጎረቤትዎ «እኔ ተሠርቶልኝ አንድ ቀን አልፈጀም» ካሉዎት ምናልባት ያኛው ነው።

ቪትሬክቶሚ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ ሮበርት ማክመር የጀመረው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዛሬ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ይሠራል። ቪትረሱ ከነቋጠሮው ይወጣና በፈሳሽ ይተካል። ነጥብን በማጥፋት የሚወዳደረው የለም፤ ከተደረገላቸው ብዙዎቹ ይደሰታሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሌንሳቸው የተፈጥሮ የሆነና ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ። ቀዶው ራሱ ሬቲና ሊቀድድ ወይም ሊያላቅቅ ይችላል። ከባድ ኢንፌክሽን እምብዛም አይከሰትም፣ ከተከሰተ ግን ዓይን ሊወስድ ይችላል። ሞራ ግርዶሹ ቀድሞ የተወገደለት፣ ቪትረሱ ሙሉ በሙሉ የተላቀቀ፣ ማንበብና መንዳት ያቃተው ሰው ሊያስብበት ይችላል። የ25 ዓመት ወጣት ሰማይ ላይ ለሚያየው ክር ግን፣ ቪትረሱ ገና ያልተላቀቀ ስለሆነ፣ አደጋው ከጥቅሙ ይበልጥበታል ብዬ አምናለሁ።

ጠብታ፣ ቫይታሚን፣ የዓይን ስፖርት። ነጥብን የሚያሟሟ የተረጋገጠ ጠብታ የለም። ገበያ ላይ ያሉ እንክብሎች የሚያሳዩት ማስረጃ ገንዘብ ለማውጣት የሚያበቃ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አዲስ ነጥብ የመጣበት ሰው እነዚህን እየሞከረ የምርመራውን ቀን ማሳለፉ ነው።

ይበልጥ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው

ከፍ ያለ የማዮፒያ መነጽር የሚያደርጉ ቀዳሚ ናቸው፤ ከ3 ዳዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) በላይ ማዮፒያ ያለው ሰው የሬቲና መላቀቅ ዕድሉ ማዮፒያ ከሌለው ሰው 10 እጥፍ ገደማ ነው። ማዮፒያው በሌዘር ተስተካክሎ መነጽር ቢጥሉም ዓይኑ ያው ረጅሙ ዓይን ነው፣ አደጋው አልወረደም። የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ በቤተሰባቸው የሬቲና መላቀቅ ያለ፣ ሬቲናቸው ዳር ላይ ሳስቷል የተባሉ፣ ዓይናቸውን የተመቱም እንዲሁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ድንገተኛ ነጥብ ካየ፣ ከቀዳዳ ሌላ ከታመሙ የደም ሥሮች የፈሰሰ ደም ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ አይበል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ነጥብ አይተው መድኃኒቱን በራሳቸው አያቁሙ፤ ለሐኪሙ ይንገሩት፣ እሱ ይወስን።

በአንድ ዓይን ቪትረሱ የተላቀቀ ሰው ሌላውም ዓይን በአብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይከተለዋል። ያኔ ምልክቱ የታወቀ ስለሚሆን ሰው ይዘናጋል፤ «ባለፈው ሄጄ ምንም የለም ተብያለሁ» ይላል። የባለፈው ምርመራ የሌላው ዓይን ነበር። ይህኛው ዓይን የራሱን ጠብታና የራሱን ምርመራ ይፈልጋል፣ በዚያው ፍጥነት።